ማታ ማታ የምትጮኸውን ጉጉት እንዴት ላግኛት?

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ስለ ጉጉት ስለሆኑ የዛሬውን ገጽ ሙሉ ለሷ ሰጥተነዋል። እውነት ለመናገር ደስ ነው ያለኝ፣ ምክንያቱም አገራችን ውስጥ እንደ ጉጉት በከንቱ የተጠላ ወፍ ያለ አይመስለኝም።

*ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ ቤተሰቦቼ ግን ወንዶ ገነት ናቸው። ለበዓል ስሄድ ማታ ከቤታችን ጀርባ ካለው ጫካ "ሁ... ሁሁ፣ ሁ-ሁ-ሁ" የሚል ድምፅ ይሰማኛል። እናቴ "ጉጉት ናት፣ ሟርተኛ ናት፣ ግቢ" ትለኛለች። እኔ ግን ላያት ፈልጌ ባትሪ ይዤ ወጣሁና ዛፉን ሁሉ አበራሁበት፣ ምንም የለም፣ ጭራሽ ዝም አለች። ምን ላድርግ?*

እህቴ፣ ከጻፍሽው ድምፅ ስነሳ ያቺ የአፍሪካ የጫካ ጉጉት የምትባለዋ ትመስለኛለች፣ ወንዶ ገነት ደግሞ ቤቷ ነው። መካከለኛ ናት፣ ቡናማ፣ ደረቷ ላይ ነጫጭ ሰረዝ ያላት፣ ዓይኗ ጥቁር፣ ጭንቅላቷ ክብ ነው፣ እንደሌሎቹ ጉጉቶች ቀንድ የሚመስል ላባ የላትም። በሚቀጥለው ስትሄጂ ደህና አርገሽ አዳምጪ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው። የወንዱ ድምፅ ወፈር፣ የሴቷ ደግሞ ቀጠን ያለ ነው፣ አንዳንዴም እየተቀባበሉ ስለሚጮሁ የአንድ ወፍ ድምፅ ይመስላል። ይሄን ለይተሽ ከሰማሽ ፍርሃቱን ትረሺዋለሽ፣ ባልና ሚስት ቦታችንን እንጠብቅ እየተባባሉ ነው እንጂ ማንንም እየጠሩ አይደለም።

አሁን ወደ ፍለጋው። መጀመሪያ ባትሪውን አጥፊው። ጉጉት በጆሮ ነው የምትፈለገው፣ ዓይን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዛፍ ለዛፍ እያበሩ መዞር እሷን ዝም ያሰኛታል፣ አንቺንም ለጨለማ የለመደ ዓይንሽን ያሳጣሻል። ይልቅ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት፣ 12 ሰዓት አካባቢ፣ ንፋስ በሌለበት ቀን ወጥተሽ አንድ ቦታ ቁጭ በይ፣ ስልክሽን ዝም አሰኚው፣ ጃኬትሽም እየተንሿሿ የሚያስቸግር ዓይነት አይሁን። የመጀመሪያውን ድምፅ ስትሰሚ አትሂጂ፣ እጅሽን ወደ ድምፁ ዘርግተሽ ከፊትሽ ያለውን ዛፍ በደንብ ያዢው። ከዛ ቀስ ብለሽ ወደ ጎን ሃምሳ ስልሳ እርምጃ ሂጂና ስትጮህ እንደገና እጅሽን ዘርጊ። ሁለቱ አቅጣጫ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ናት ማለት ነው፣ አንድ ዛፍ ባይሆን ሁለት ሦስት ዛፍ ድረስ ያጠብልሻል። የዛን ቀን እዚህ ጋ አቁሚና ግቢ፣ እናትሽም ያርፋሉ።

ጠዋት ተመልሰሽ እነዛን ዛፎች ከታች ጀምረሽ እያቸው። መሬቱ ላይ ወይ ቅጠሉ ላይ ነጭ የኖራ ርጭት የመሰለ ኩስ ካለ ከላዩ የሆነ ነገር ያድራል ማለት ነው። ከኩሱ አጠገብ ደግሞ የአውራ ጣት የሚያህል ግራጫ ድብልብል ካገኘሽ በቃ፣ አግኝተሻታል። ጉጉት ያደነችውን በአብዛኛው ሳታኝክ ነው የምትውጠው፣ ሆዷ የማይፈጨውን ፀጉርና አጥንት ጠቅልላ መልሳ በአፏ ታወጣዋለች፣ ያ ድብልብል እሱ ነው። ወደ ላይ ስታዪ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አትፈልጊያት፣ ከግንዱ ተጠግታ፣ ሐረግና ቅጠል የበዛበት ውስጥ ነው የምትውለው፣ አንዳንዴ ጥንዶቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ታገኛቸዋለሽ። ሌላው የሚረዳሽ ትናንሽ ወፎች ናቸው፣ ቀን ላይ አንድ ዛፍ ከበው የሚንጫጩ ከሆነ ወይ እባብ ወይ ጉጉት አለ፣ ተጠንቅቀሽ ተመልከቺ።

እናትሽን ደግሞ አትከራከሪያቸው፣ እሳቸውም ከእናታቸው ነው የሰሙት። ጉጉቷ ዓመቱን ሙሉ ማታ ማታ ትጮሃለች፣ ሰው የሚያስታውሰው ግን ለቅሶ የተሰማበትን ሌሊት ብቻ ነው። አንድ ማታ አጠገብሽ አስቀምጫቸውና የወንዱንና የሴቷን ድምፅ ለይተሽ አሰሚያቸው፣ ከኔ ወሬ እሱ ይሻላል።

*ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ላንጋኖ ልናድር ነው። የጉጉት ድምፅ የሚያጫውት አፕ ስልኬ ላይ ጭኛለሁ፣ ሳጫውተው ይመጣሉ ይባላል፣ እውነት ነው? ምን ምንስ ልናይ እንችላለን?*

ወንድሜ፣ አዎ ይመጣሉ፣ ችግሩም እሱ ነው። አንተ ድምፁን ስታጫውት እዛ የሚኖረው ወንድ ሌላ ወንድ ቦታዬን ሊነጥቀኝ መጣ ብሎ አደኑን ትቶ ይመጣል፣ ሚስቱ እንቁላል ላይ ከሆነች ምግብ ሳይደርሳት ያመሻል ማለት ነው፣ ከዛ አንተ ፎቶህን አንስተህ ትሄዳለህ፣ ነገ ሌላ ቱሪስት መጥቶ ያንኑ ይደግማል። ድምፁን ቤትህ ሆነህ አጥናው፣ ለዛ አሪፍ ነው፣ እዛ ስትደርስ ግን ስልኩን ኪስህ ክተተው። ላንጋኖ እኮ ሳትጠራቸው የሚበቃህን ትሰማለህ።

ግራሩ ውስጥ ጨለም ሲል በየ 5 ወይ 8 ሰከንዱ አጭር "ፕርርር" የሚል ድምፅ ከሰማህ የአፍሪካ ስኮፕስ ጉጉት ነው፣ ቁመቱ 15 ወይ 17 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው፣ ቀን ላይ ግንድ ተጠግቶ ቀጥ ብሎ ዓይኑን ሲጨፍን ቅርፊት ነው የሚመስለው፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ ሻይ ይጠጣል አያየውም። ከትልቅ ግራር ወይ ሾላ ላይ በጣም ወፍራም፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ከመጣ ደግሞ የአፍሪካ ትልቁ ጉጉት ቬሮ ነው፣ እስከ 66 ሴንቲሜትር ይደርሳል፣ በባይኖኩላር ካገኘኸው ዓይኑን እስኪጨፍን ጠብቅ፣ የዓይኑ ቆብ ሮዝ ነው! እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ቅጽበት ነው። ገደል ባለበት በኩል ግራጫ ንስር ጉጉት ይውላል፣ ድንጋዩን ቀስ እያልክ በመነጽር ዳስሰው።

ቀን ላይም ዝም ብለህ አትተኛ። ፐርል የሚባለው ነጠብጣብ ትንሽ ጉጉት በፀሐይም ያድናል፣ ፉጨቱ ቀስ ብሎ ይጀምርና እየጨመረ እየጨመረ ሄዶ መጨረሻ ላይ ረዘም ባሉ ፉጨቶች ይወርዳል። ማጅራቱ ላይ ሁለት ጥቋቁር ነጥቦች አሉት፣ ዓይን ይመስላሉ፣ ከኋላ ስታየው የሚያይህ ይመስልሃል።

ፍላሽ አትጠቀሙ። የሚያድርበትን ዛፍ ሎኬሽንም ፖስት አታድርጉ፣ ሰው ከበዛበት ቦታውን ጥሎ ይሄዳል።

*ጥያቄ፦ ባሌ ተራሮች ልሄድ ነው፣ የሐበሻን ጉጉት ቀን ላይ ማየት ይቻላል?*

ይቻላል። ዲንሾ፣ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ጋ፣ ጽድና ኮሶ ጫካ ውስጥ ነው የሚውለው፣ ጆሮ የሚመስሉ ረጃጅም ላባዎች ያሉት ጠቆር ያለ ወፍ ነው (ላባ ናቸው፣ ጆሮው ፊቱ ጎን ላይ ተሸፍኖ ነው ያለው)። ብቻህን አትድከም፣ የአካባቢው አስጎብኚዎች የትኛው ዛፍ ላይ እንደዋለ ያውቃሉ፣ የልጆቻቸው እንጀራም ስለሆነ ክፈላቸው። እዛው ጫካ የጫካ ጉጉትም አለ፣ ኬፕ ንስር ጉጉትም ይገኛል፣ መንገድህ ላይ ደግሞ የደጋ አጋዘን ሳታይ አትመለስም። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጋቢ ያዝ።

*ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሰፈራችን የድሮ መጋዘን ጣራ ሥር ፊቷ ነጭ የሆነ ጉጉት አለች። ሌሊት እንደ ሰው ትጮሃለች፣ ከውስጥ ደግሞ "ሽሽሽ" የሚል ማንኮራፋት ይሰማል። ልጆች በድንጋይ ሊያባርሯት ነው፣ ትልልቆቹም ጣራው ይነሳና ትሂድ እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?*

ፊቷ የልብ ቅርጽ ካለው ነጭ ጉጉት የምትባለዋ ናት፣ ድምፅዋ እውነትም ያስደነግጣል፣ ያ ማንኮራፋት ግን የጫጩቶቿ ነው፣ ምግብ እየለመኑ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ዛሬውኑ ይቁም።

ትልልቆቹን በክርክር አታሸንፋቸውም፣ አሳያቸው። መጋዘኑ ወለል ላይ የወደቁ ጥቋቁር ድብልብሎችን ሰብስብና አንዱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨምረው፣ ሲለሰልስ በስንጥር ፈልቅቀው። የአይጥ ራስ ቅል ሙሉውን ይወጣልሃል፣ የፊት ጥርሶቹ ብርቱካናማ ናቸው፣ ከአንዷ ድብልብል ሁለት ሦስት ራስ ቅል መቁጠር ትችላለህ። እህል የሚያስቀምጥ ሰው ያንን አይቶ ጉጉቷን አያባርርም። ጨለማ ውስጥ እንዴት ትይዛቸዋለች ብለው ከጠየቁህ፣ አንዱ ጆሮዋ ከሌላው ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ ድምፁ ለየጆሮው በሚደርስበት ልዩነት አይጡ የት እንዳለ ትለያለች፣ ፍጹም ብርሃን በሌለበት ክፍል ውስጥ በድምፅ ብቻ አይጥ እንደምትይዝ በሙከራ ታይቷል። የክንፏ ጠርዝም የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ ስለሆነና ላባዋም ለስላሳ ስለሆነ ስትበር አትሰማም።

መጋዘኑ ውስጥ የአይጥ መርዝ የምትጨምሩ ከሆነ ግን አቁሙ፣ የተመረዘ አይጥ የበላች ጉጉት ራሷም ልትሞት ትችላለች። ጣራውን ማንሳት ግዴታ ከሆነ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ጠብቁ፣ ከተፈለፈሉ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅባቸዋል። ማንኮራፋቱ ለተከታታይ ሌሊቶች ከጠፋ ወጥተዋል ማለት ነው፣ ያኔ በቀን አንድ ሰው መሰላል ወጥቶ በዓይኑ አይቶ ያረጋግጥ፣ አዲሱ ጣራ ላይም ጥግ በኩል የምትገባበት ቀዳዳ ተዉላት።