አከራዬ የመብራት ቢሉን አያሳዩኝም፤ የጠየቁኝን ሁሉ መክፈል አለብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር እኖራለሁ። በግቢው ውስጥ አከራያችን የሚኖሩበት ዋናው ቤት አለ፤ ተከራዮች ደግሞ ሦስት አባወራ ነን። ቆጣሪው አንድ ነው። ውላችን «ውኃና መብራት ተከራይ በድርሻው ይከፍላል» ይላል። አከራያችን ግን በየወሩ ሒሳቡን በቃል ነው የሚነግሩን። ምጣድና ፍሪጅ ስላለኝ እኔ 700፣ ሌሎቹ 600 እና 500 ብር እንከፍላለን። ቢሉን አሳዩኝ ስላቸው «ታሪፍ መጨመሩን አልሰማሽም?» ይሉኛል። ባለፈው ወር ልጃቸው በቴሌብር ሲከፍል ጎረቤቴ አጠገቡ ነበረች፤ 1,480 ብር ሲል አይታለች። ቆጣሪውን እኔም ከወር እስከ ወር ተከታትዬው 380 ቆጥሯል። በዚህ ወር ሦስት ቀን ስላዘገየሁ ብሬከሬን አጥፍተው በጨለማ አሳደሩን። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው? እስካሁን የከፈልኩትስ ይመለስልኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሕጉ በፊት የጻፉልንን ቁጥር እንደምረው። 700፣ 600 እና 500 ሲደመር 1,800 ብር ነው። ቢሉ 1,480 ነው። ሦስት ተከራዮች የግቢውን ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ከፍላችሁ 320 ብር ተርፏል፤ የዋናው ቤት መብራት ደግሞ በነጻ ነድዷል ማለት ነው። ጎረቤትዎ ያዩት ትክክል ከሆነ ክርክሩ ግማሽ በግማሽ እዚሁ አልቋል። የቀረው ማስረጃ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አከራይዎ በአንድ ነገር ግን አልዋሹም። ታሪፍ ጨምሯል። የአሁኑ ማሻሻያ የጀመረው መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጭማሪው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሦስት ወሩ እየተከፋፈለ ለአራት ዓመት እንዲሄድ የተወሰነ ነው። ስለዚህ የቤትዎ ፍጆታ ምንም ሳይለወጥ ሒሳቡ በየሩብ ዓመቱ ከፍ ቢል የሚገርም አይደለም። ታሪፍ የሚጸድቀው በመንግሥት ነው፤ ሁላችንም ዛሬም «መብራት ኃይል» የምንለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት እንኳ በራሱ ሥልጣን ዋጋ አይቆርጥም። አከራይ ደግሞ ጨርሶ አይቆርጥም። የጨመረውን ቁጥር የሚያሳየው ቢሉ ስለሆነ፣ «ታሪፍ ጨመረ» ማለት ቢሉን ለማሳየት እንጂ ላለማሳየት ምክንያት አይሆንም።

ቢሉ ላይ የሚያዩት ይህን ነው፦ የባለፈው ወር ንባብ፣ የዚህ ወር ንባብ፣ የሁለቱ ልዩነት በኪሎ ዋት ሰዓት፣ የፍጆታው ዋጋ፣ ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያ፣ ታክስ ካለ ታክሱ፣ ውዝፍ ካለ ውዝፉ። ውዝፉን ልብ ይበሉ። አከራይዎ ያለፈውን ወር ሳይከፍሉ ቀርተው ዕዳው ወደዚህ ወር ከዞረ፣ እርስዎ በጊዜው የሰጧቸውን ገንዘብ ሁለተኛ እየተጠየቁ ሊሆን ይችላል። ቢሮዬ ከሚመጡት የአከራይና የተከራይ ጠቦች ሁለት ሦስቱ የተፈቱት በዚህች አንዲት መስመር ነው።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው። ከመስከረም 2017 በፊት በነበረው ታሪፍ የመጨረሻ ዓመት፣ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ሰው ለአንዱ 27 ሳንቲም ግድም ነበር የሚከፍለው፤ ከ51 እስከ 100 ያለው 76.7 ሳንቲም፣ ከ301 እስከ 400 ያለው 2 ብር ከ20፣ ከ500 በላይ ያለው 2 ብር ከ48። ዋጋዎቹ ዛሬ ከዚህ በላይ ወጥተዋል፤ በፍጆታ ከፍ ባሉ ቁጥር ዋጋው መወደዱ ግን እንዳለ ነው። እዚህ ላይ ነው የጋራ ቆጣሪ ጣጣው የሚመጣው፤ እርከኑ የሚቆጠረው በአባወራ ሳይሆን በቆጣሪ ነውና። አራት ቤቶች እያንዳንዳቸው 95 ቢጠቀሙና የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም ሁለተኛው እርከን ላይ ይቀራሉ። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን 380 ይሆኑና አምስተኛው እርከን ላይ ይወጣሉ፤ በዚያ በአሮጌው ታሪፍ የመጨረሻዋ ኪሎ ዋት ሰዓት ከ76.7 ሳንቲም ወደ 2 ብር ከ20 ዘለለች ማለት ነው። በዚህ ላይ በወር ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የሚቆጥር የመኖሪያ ቤት 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት። ብቻዎን ቢሆኑ የማይነካዎት ታክስ፣ ግቢው ተደምሮ ሲቆጠር ይነካዎታል። ይህ የማንም ተንኮል አይደለም፣ የቆጣሪው አንድ መሆን ያመጣው ነው፤ ስለዚህ ለአከራይዎ የማይገባቸውን ጥፋት አንጨምርባቸው።

የእርስዎ ድርሻ ስንት ይሆናል? በግምት እንሥራው። እንደ እርስዎ ቤት ያለ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጋግሩ፣ በአንድ ጋገራ 7፣ በወር 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። (ምጣዱ ብቻውን የመጀመሪያውን እርከን እንደሚያልፍ ያስተውሉ።) ፍሪጁን በቀን አንድ፣ በወር 30 እንበል። አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ቻርጅ 12፣ ካውያና የውኃ ማፍያ ሌላ 12። ድምሩ 110 ነው። ከ380 ላይ 110 ማለት ከቢሉ 430 ብር ገደማ ነው። ምጣድ ስላለዎት ከሌሎቹ በለጥ ብሎ መጠየቁ አግባብ ነው፤ ለአራት እኩል ቢካፈል 370 ብር ነበርና። 700 ብር ግን በየትኛውም ስሌት አይመጣም።

አሁን ወደ ሕጉ። ውልዎ «በድርሻው» ይላል፣ ይህች ቃል ትልቅ ናት። ድርሻ የሚባለው ከአንድ ከታወቀ ነገር ላይ ነው፤ የድርሻዎች ድምር ከሙሉው ሊበልጥ አይችልም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ነው። አከፋፈሉ በአባወራ ይሁን በዕቃ ውሉ አለመዘርዘሩ ክፍተት ነው፤ ይህን ክፍተት ግን አንደኛው ወገን በየወሩ እንደ ስሜቱ አይሞላውም። አንቀጽ 1713 ውሉ ዝም ባለበት ልማድን፣ ርትዕንና ቅን ልቦናን እንድናይ ይመራናል፤ ቃሉ አጠራጣሪ ከሆነም አንቀጽ 1738 ግዴታ ለገባው ወገን አድልቶ መተርጎምን ያዛል። ግዴታ የገቡት እርስዎ ነዎት። ድርሻ ጠያቂው ሙሉውን ሒሳብ ማሳየት እንዳለበት ከዚሁ ይከተላል፤ አለዚያ የምን ድርሻ ነው?

ከመብራቱ በስተጀርባ አንድ ሌላ ነገር እጠረጥራለሁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ አከራይ እንደ ልቡ ኪራይ አይጨምርም። ኪራዩ ሲታጠር ጭማሪው በመብራት፣ በውኃ፣ በጥበቃና በጽዳት ስም ሲገባ አያለሁ። ከቢሉ በላይ የሚሰበሰብ «የመብራት ብር» በእኔ አስተያየት ስሙን የለወጠ የኪራይ ጭማሪ ነው፤ ውላችሁን ባስመዘገባችሁበት የወረዳ ቤቶች ጽሕፈት ቤት አቤት ሊባልበት ይችላል። ውሉ ካልተመዘገበ አሁኑኑ ይመዝገብ። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ኤሌክትሪክ መሸጥም ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ቢል መካፈል ሽያጭ አይደለም፤ ትርፍ የሚያዝበት ከሆነ ግን አከራዩ ፈቃድ ወደሌለው ሽያጭ እየተጠጋ ነው። ይህን ለማስፈራሪያ አይጠቀሙበት፣ ለድርድር ግን ይዘውት ይግቡ።

ብሬከሩን ማጥፋት ትክክል አይደለም። ቤቱን የተከራዩት ከመብራቱ ጋር ነው። ገንዘብ አልተከፈለኝም የሚል አከራይ መንገዱ በአንቀጽ 1772 መሠረት ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ ካልሆነም መክሰስ ነው። መብራት አጥፍቶ ልጅ በጨለማ ማሳደር በራስ እጅ ፍርድ መስጠት ይሆናል። ፍሪጅ ውስጥ የተበላሸ ምግብ ካለ ፎቶ ያንሡ፤ የጉዳት ካሳ ውሉን ባለመፈጸም ከሚጠየቁት አንዱ ነው። ከተደገመ ሁከት ይወገድልኝ ብለው ፍርድ ቤት መቅረብም ይችላሉ። የማይከራከሩበትን ድርሻ ግን በቀኑ ይክፈሉ። ሦስት ቀን ማዘግየትዎ አቋምዎን አያበረታም፤ የቆጣሪው ውል በእሳቸው ስም ስለሆነ ቢዘገይ ተጠያቂዋ እሳቸው ናቸው።

ያለፈው ይመለሳል ወይ? ይመለሳል፤ የማይገባውን የከፈለ ማስመለስ እንደሚችል አንቀጽ 2164 ይናገራል። ነገር ግን የማይገባ መሆኑን አስረግጦ እያወቀ ወዶ የከፈለ ሰው አይመለስለትም። እስከ ባለፈው ወር ድረስ ቢሉን አላዩም፣ ስለዚህ አላወቁም። ከአሁን በኋላ ግን ያውቃሉ። ስለዚህ 700 ብሩን ለሰላም ሲሉ መክፈል ካለብዎ «ተቃውሞዬ እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚል የጽሑፍ መልእክት በስልካቸው ይላኩላቸው። በጥሬ ገንዘብ መክፈል ይቅር፤ በባንክ ወይም በቴሌብር ሲያስተላልፉ ምክንያቱ ላይ «የጥር ወር መብራት» ብለው ይጻፉ። የሚያስመልሱት በወር 270 ብር ግድም ስለሆነ ለዚህ ጠበቃ ይዘው አይሟገቱ (ይህን የሚለው ጠበቃ ነው!)። መጀመሪያ ሦስታችሁም ሆናችሁ፣ ሰው የሚያከብራቸውን አንድ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ይዛችሁ አከራይዋን አነጋግሩ። ካልሆነ ለአነስተኛ ገንዘብ የወረዳችሁ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ቅርብ ነው።

በሽምግልናው ላይ የምትጠይቁት አንድ ነገር ይሁን፤ ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ለየቤቱ የሚገጠም ትንሽ ቆጣሪ። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ይገዛል፤ ባለሙያ ያስገባዋል። ከአገልግሎቱ የራስዎን ቆጣሪ ማውጣት የተሻለ ነበር፤ እርከኑም ታክሱም ይቀልልዎታል። ነገር ግን ያለ አከራይዋ ፈቃድና ያለ ይዞታ ሰነዱ የሚሆን አይደለም፤ ፈቃደኛ ከሆኑ በ905 ደውለው የሚጠየቀውን ይወቁ። ትንሹ ቆጣሪ ከተገጠመ በውሉ ላይ ይህን አስጽፉ፦ «የመብራት ክፍያ የወሩ ቢል ለሁሉም ታይቶ፣ የአገልግሎት ክፍያውና ታክሱ ተጨምሮ፣ በየቤቱ ቆጣሪ ንባብ ልክ ይከፋፈላል። ያለፈ ወር ውዝፍ በዚህ አይካተትም።»

ቢሉ እስኪገኝ ደግሞ ወሩ በገባ ቁጥር የዋናውን ቆጣሪ ቁጥር ከነቀኑ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ሁለቱን ተከራዮችም ምስክር ያድርጓቸው። ጎረቤትዎ ያየችው 1,480 ብር ቃል ነው፤ የቆጣሪው ፎቶ ግን ዳኛ ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ነው።