ዱቄቱን ከማማትህ በፊት ቀበቶውን አዘግየው

«ከብረት፣ ከመዳብና ከግራፋይት ዱቄት ጨምቀን የምንሠራቸው ቡሺንጎች (ዘንግ የሚዞርባቸው ቀለበቶች) ከእቶን ሲወጡ ላያቸው አብጦ ነው። አንዳንዱም ይሰነጠቃል። ሙቀቱን ልጨምር ወይስ ዱቄቱን ልቀይር?» ብለሃል። ወንድሜ፣ ሁለቱንም ተው። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ ነው የከሰርኩት።

1. ሙቀቱን አትንካ። 1120 ዲግሪ ላይ ከሆንክ ይበቃሃል። መዳቡ 1085 ላይ ቀልጦ ይሰርጋል፣ ብረቱ ሳይቀልጥ ቅንጣት ከቅንጣት ይያያዛል። ይህን ታውቀዋለህ፣ አልደግመውም። ያንተ ቡሺንግ የሚበላሸው እዚያ ሳይደርስ ነው።

2. ቅባቱን ጠርጥር። ሻጋታው እንዳይነክስ ዱቄቱ ውስጥ የምትቀላቅለው ዚንክ ስቴሬት ወይም ሰም ከመቶ አንድ እጅ ቢሆን ነው። ትንሽ ስለሆነ እንንቀዋለን። ግን ያ ሁሉ ወደ ጋዝ ተቀይሮ፣ በቀስታ፣ ከ600 ዲግሪ በታች ባለው የእቶኑ ክፍል ተኖ ማለቅ አለበት። ካጣደፍከው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። የባሰው ደግሞ ብረቱ ራሱ ጋዙን ወደ ጥላሸት፣ ማለትም ወደ ካርቦን ይቀይረዋል። ጥላሸቱ ቀዳዳዎቹ ውስጥ እየተከማቸ ቡሺንጉን ከውስጥ ይገፋዋል። እብጠቱ ይኸው ነው።

እኔ ይህን ያወቅኩት 4,000 ቡሺንግ ከጣልኩ በኋላ ነው። ደንበኛው «ዛሬ ነገ» እያለ ሲያጣድፈኝ ቡሺንጎቹን በእቶኑ ውስጥ የሚያሳልፈውን ቀበቶ በደቂቃ ከ10 ሳንቲሜትር ወደ 16 ከፍ አደረግኩት። ሦስት ቀን እንደዚያ ሠራን። ሲያብጥ መጀመሪያ የተጣላሁት ከዱቄት አቅራቢው ጋር ነው። «እርጥበት ያለው ዱቄት ሸጥክልኝ» ብዬ ያልተናገርኩት ነገር የለም።

ማስረጃ ፍለጋ ናሙና ይዤ ወደ አንድ ቤተ ሙከራ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ቡሺንጉን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። «ደብዳቤ አለህ?» አለኝ። ደብዳቤ ይዤ ተመለስኩ። «ማኅተሙ አይነበብም።» በሦስተኛው ቀን ተቀበለኝ። ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ፣ አንድ መስመር ብቻ፦ የካርቦን መጠን ከፍ ያለ ነው። ለምን ከፍ አለ? ብዬ ብጠይቅ «እኛ የምንለካው ነው እንጂ የምንተረጉመው አይደለም» ተባልኩ።

በንዴት ተመልሼ አንዱን ቡሺንግ በመጋዝ ለሁለት ከፈልኩት። ውስጡን በጣቴ ስነካው እንደ ድስት ቂጥ አጠቆረኝ። ያን ሁሉ ቀን ደጅ የጠናሁበትን ነገር መጋዝ በአምስት ደቂቃ ነገረኝ። አቅራቢውን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ሰውዬው ግን አሁንም እንደ ድሮው አይስቅልኝም።

3. ይህኛው አጭር ነው። ቡሺንጉን አጥብቀህ በጨመቅከው ቁጥር ጋዙ መውጫ ያጣል። ስለዚህ መጠነ ጥግግቱ 7 ግራም በሳንቲሜትር ኩብ አካባቢ ከሆነ ከሌላው የበለጠ ታገሠው።

ስለ ስንጥቁ፣ መጀመሪያ ከፕሬሱ (ከመጭመቂያው) የመጣ እንዳይሆን አረጋግጥ። ገና እቶን ያልገባውን ቡሺንግ አልኮል ውስጥ ነክረህ አውጣው። ላዩ ሲደርቅ ስንጥቅ ካለው ቀጭን እርጥብ መስመር ሆኖ ይታይሃል። የተጠበሰውን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ጣለው። ደህናው ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ዱብ ብሎ ዝም ይላል። ልጆቹ ይስቁብኛል እንጂ እኔ አሁን ጀርባዬን ሰጥቼ በድምፁ እለያለሁ።

ደግሞ የእቶኑን ሰሌዳ አትመን። ሰሌዳው የሚነግርህ የእቶኑን ሙቀት እንጂ የቡሺንጉን አይደለም። ረጅም ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ከቡሺንጎቹ ጋር አስረህ በቀበቶው አሳልፈውና በየደቂቃው ጻፍ። እኔ ቀበቶውን ባፈጠንኩበት ልክ ደግሜ ስለካው ሰሌዳው 600 እያለ ቡሺንጉ ገና 400 አልሞላም ነበር። ቅባቱን እንደያዘ ነበር ወደ ዋናው እሳት የሚገባው። ያንተን ለካና ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልን፣ የቀበቶህን ፍጥነትም ጨምርበት።