ዶሮው አጥንት ከሌለውስ? ጥያቄና መልስ

ከአገር ከወጣሁ ወዲህ ሙሉ ዶሮ የምገዛው ለበዓል ብቻ ነው። በአዘቦት ቀን ከሱፐርማርኬት ቦንለሱን፣ አጥንቱ የወጣለትን ማለቴ ነው፣ አንስቼ እሄዳለሁ። በሱ ያልሠራሁት ስህተት ስለሌለ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በቦንለስ ደረት ዶሮ ወጥ ሠርቼ ሥጋው እንጨት ሆነብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ቶሎ ጨምረሽው ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ከቁሌቱ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ አንተከተክሁት። ሥጋው ክር ክር ብሎ ተበተነ። አንድ እንግዳ በጭልፋ እያገላበጠ «ይሄ ዶሮ ነው ምንቸት አብሽ?» አለኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የአገር ቤት ዶሮ ሜዳ ለሜዳ ሲሮጥ የኖረ ስለሆነ ረጅም እሳት ይችላል። የፈረንጅ ዶሮ ደረት ግን ስብም የለው፣ ጅማትም የለው። ቁሌቱ በስሎ፣ በርበሬው ተቁላልቶ፣ ቅባቱ ላይ ላይ ሲል ነው የሚገባው። በእንቁላል መጠን ከቆረጥሽው 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ጭን ከሆነ ግማሽ ሰዓት ቢቆይም አይከፋውም፤ እንዲያውም ይለሰልሳል። ምርጫው ካለሽ ጭኑን ግዢ። ቴርሞሜትር ካለሽ ደግሞ የሥጋው መሐል 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ አውጪው።

ጥያቄ፦ የኔ ደግሞ ቀጠነ። ውኃ ውኃ ይላል።

መልስ፦ አጥንቱ ነዋ የጎደለው! መረቁን የሚያወፍረው ከአጥንቱና ከመገጣጠሚያው እየሟሟ የሚወጣው ጄላቲን ነው። እኔ ግማሽ ኪሎ ክንፍ ወይም አንገት ገዝቼ በአንድ ሊትር ተኩል ውኃ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀቅዬ አጠልለዋለሁ። ወጡን በውኃ ፈንታ በዚህ እከልሳለሁ፣ ትንሽ በትንሽ።

ሽንኩርቱንም አትሰስቺ። ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት፣ በደንብ ደቅቆ፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት ውኃው እስኪመጥ ይቁላላ። ወጥ ለማወፈር ዱቄት የሚጨምሩ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እንዳልሰማሁ ሆኛለሁ።

ጥያቄ፦ በርበሬ አልቆብኛል። ሚጥሚጣ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ተው ወንድሜ! በበርበሬው ልክ ሚጥሚጣ ከከተትክ ድስቱን ማን ይበላዋል? ፓፕሪካ 3 ማንኪያ፣ የሚያቃጥል የቃሪያ ዱቄት 1 ማንኪያ፣ የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ግማሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ሄልና አብሽ ቁንጥር አድርገህ ደባልቅ። የእናትህን በርበሬ አይሆንም። ለአንድ ማክሰኞ ማታ ግን ይሆናል። ሚጥሚጣዋን ለዶሮ ጥብስ አስቀምጣት፤ ከወጣ በኋላ ነስነስ ታደርጋታለህ።

ጥያቄ፦ ኮረሪማን በሄል መተካት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ በግማሽ መጠን። አረንጓዴው ሄል ሽታው ኃይለኛ ነው፤ ከበዛ ወጡ ሻይ ሻይ ይላል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ንጥር ቅቤ ከየት ላምጣ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ እዚያ ሰምን የሚሉት እኮ የነጠረ ቅቤ ነው። የጎደለው ቅመሙ ብቻ ነው። ግማሽ ኪሎ ሰምን ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ግማሽ አብሽ፣ የተፈነከተ ሄል 5 ፍሬ፣ ትንሽ ቀይ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሪና በለዘብታ እሳት 20 ደቂቃ አቆይተሽ አጥልዪው። ኮሰረት ሰው ካመጣልሽማ ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ እስራኤል፣ ነታንያ ነው ያለነው። ቤታችን ኮሸር (የአይሁድን የምግብ ሥርዓት የሚጠብቅ) ስለሆነ ዶሮ ላይ ቅቤ አይገባም።

መልስ፦ የቅቤውን ቅመም በዘይት ላይ አውርዱት። ከላይ ያልኩትን ሁሉ በሁለት ብርጭቆ ዘይት ማለት ነው። የቦንለስ ጭን የራሱ ስብ ስላለው ቅቤው ብዙም አይናፍቅም።

ጥያቄ፦ በሎሚና በጨው ሳላጥበው ብሠራ ነውር ነው?

መልስ፦ አክስቶቼ እንዳያነቡት እንጂ፣ አይደለም። እኛ ቤት የሚታጠበው ላባው ተነጭቶ፣ ደሙና አንጀቱ ገና ወጥቶ ስለሆነ ነው። የታሸገው ያ የለበትም። ቧንቧ ሥር ስታጥቢው ፍንጣቂው ጀርሙን ሳህኑና ሰላጣው ላይ ያዳርሰዋል። ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው እንጂ ሎሚው አይደለም። ልቤ አይቆርጥም ካልሽ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዘፍዝፊው፤ ከዚያ በወረቀት ፎጣ አድርቂው። ለጥብስ ከሆነ ማድረቁ ግዴታ ነው፤ እርጥብ ሥጋ መጥበሻ ላይ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ በቦንለስ ብሠራስ? አማቶቼ ይመጣሉ።

መልስ፦ ለአማት? 12ቱ ብልት ሳይኖር ፈረሰኛውን ለማን ልትሰጪ ነው? ለበዓሉ ሙሉውን ገንጥዪ። ጊዜ ካነሰሽ ግማሽ ለግማሽ አድርጊው፦ ባለ አጥንቱ ለትልልቆቹ፣ ቦንለሱ ለልጆቹ። እንቁላሉን ግን በሰው ልክ ቀቅዪ።