ስለ ጭንቀት ጠይቁ፦ ከባሕር ዳር የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ሲጨንቅህ በረጅሙ ተንፍስ አሉኝ። ተነፈስኩ፤ ጭራሽ አዞረኝ፣ ጣቴም ደነዘዘ።

መልስ፦ ቶሎ ቶሎ ስበሃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደምህ ከልክ በላይ ሲወጣ ራስ ይዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይወረዋል። አያስፈራም፤ ግን ቁም ነገሩ አየር ማስገባቱ ሳይሆን ማስወጣቱ ነው። የልብ ምት ስናስገባ ፈጠን፣ ስናስወጣ ዘግየት ይላል። እስከ 4 እየቆጠርክ በአፍንጫህ አስገባ፤ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርህን አሹለህ እስከ 6 እየቆጠርክ አስወጣ። በደቂቃ 6 ጊዜ ገደማ ይሆናል። እጅህን ሆድህ ላይ አድርግ፤ የሚነሳው ትከሻህ ከሆነ ተሳስተሃል። 5 ደቂቃ፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ያውም ሳይጨንቅህ። ታንኳ መቅዘፍ የሚማር ሰው ጣና ሲናወጥ አይጀምርም።

ጥያቄ፦ ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል፤ ከጠጣሁ እንቅልፍ የለኝም። በ60 ዓመቴ ልተወው?

መልስ፦ ባንዴ አይተዉት እናቴ። ድንገት ከቆመ ራስ ምታቱ በማግስቱ ይመጣና ለቀናት ይቆያል። ሰዓቱን ነው መቀየር። የጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጡት ከምሽቱ 4 ሰዓትም ግማሹ ውስጥዎ ነው። ከ8 ሰዓት በኋላ ይቅርብዎ። ጎረቤት ከጠራችዎ አቦሉንና ቶናውን አሳልፈው በረካው ላይ ይድረሱ፤ እሱ ቀጭን ነው፣ ማንም አይቀየምም።

ጥያቄ፦ ባጃጅ እነዳለሁ። ማታ ትከሻዬና መንጋጭላዬ ድንጋይ ይሆናል።

መልስ፦ መሪ ጨብጦ የዋለ ጡንቻ ሥራ ሲያልቅም አይለቅም። ተኛና ከእግር ጣትህ ጀምር፦ 5 ሰከንድ ወጥረህ ያዝ፣ ባንዴ ልቀቅ፣ 15 ሰከንድ ዝም በል። ከዚያ ባት፣ ጭን፣ ሆድ፣ እጅ፤ ትከሻህን ወደ ጆሮህ ስበህ፤ መጨረሻ ላይ መንጋጭላ። ቀስ እያልክ አትልቀቅ፤ ልዩነቱ በደንብ የሚታወቀው ባንዴ ሲላላ ነው። ባትህን ግን አታክርረው፣ ይጨብጥሃል።

ጥያቄ፦ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ። የቤት ኪራይ፣ የዕቁብ ዕዳ… እስኪነጋ ይዞረኛል።

መልስ፦ ስልክሽን አንስተሽ ሰዓት አትዪ። 20 ደቂቃ ያህል ካለፈሽ ተነሺ፤ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ተቀመጪ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሺ። አልጋ ላይ መገላበጥ አልጋውን ራሱን የጭንቀት ቦታ ያደርገዋል። ዋናው ሥራ ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፦ 15 ደቂቃ፣ አንድ ወረቀት፣ መሀሉ ላይ መስመር። በግራ «ኪራይ ቢጨምሩብኝስ»፣ በቀኝ «ነገ 3 ሰዓት አከራዬን አነጋግራለሁ»። በቀኝ የሚጻፍ ከጠፋ ባዶውን ተዪው። ሌሊት ሲመጣ «ተጽፏል» በዪው።

ጥያቄ፦ መራመድ ጥሩ ነው ይላሉ። የት? ስንት?

መልስ፦ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፤ እያወራሽ መሄድ የምትችዪበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትሽ ፍጥነት። በጠዋት፣ ከጊዮርጊስ አጠገብ በሐይቁ ዳር። ሲመሽ ትንኝ አለ፣ ወባ ጭንቀት አያቀልም።

ጥያቄ፦ እኔን የሚያረጋጋኝ ጫት ነው።

መልስ፦ ምርቃናው እያለ። ሲወርድ ድብርቱ ይመጣል፤ ለእሱ ጨብሲ ብለህ አረቄ ትጨምራለህ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ነገ ደክሞህ ትነሳለህ፣ ለድካሙ ደግሞ ጫት።

ጥያቄ፦ ደረቴ ይጨመድደኛል። ከጭንቀት ነው አይደል?

መልስ፦ በጽሑፍ አይለይም። ዳገት ሲወጡ የሚብስ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጭላ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ ከሆነ ትንፋሽ መቁጠሩን ትተው አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም አሉ።