«ምንም ነገር እንዳይነካኝ እንዴት ልጠንክር?»

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 39 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አባቴ ሲሞት የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስለነበርኩ እናቴንና ታናናሾቼን ያጽናናሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዘመድ ሁሉ ‹ብርቱ ናት› ይለኛል። ሰው ፊት አላለቅስም፤ ችግሬንም ለማንም አላዋይም። አሁን አሁን ግን ትንሹ ነገር ሁሉ ያስቆጣኛል። ባለፈው ሳምንት የሰባት ዓመት ልጄ ውኃ ቢደፋ እንደ ጠላት ጮኽኩበት። ሌሊቱን ‹ምን ዓይነት እናት ነኝ?› እያልኩ ሳልተኛ ነጋ። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ደግሞ ይንቀኛል ብዬ ፈራሁ። ባለቤቴ ‹እንዲህ አልነበርሽም፤ ጠንከር በይ እንጂ› ይለኛል። ምንም ነገር እንዳይነካኝ እንዴት ልጠንክር?»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ምንም ነገር የማይነካው ሰው መሆንን ላስተምርዎት አልችልም፤ ብችልም አላደርገውም። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት እርስዎ ይህን ከማንም በላይ ተክነውበታል፤ አሁን የሚያስቸግርዎትም እሱው ነው።

ስሜትን ውጦ ዝም ማለት ስሜቱን አያጠፋውም። ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የሚያስጸይፍ ፊልም እያዩ ስሜታቸው ፊታቸው ላይ እንዳይነበብ እንዲጥሩ አደረጉ። ተሳታፊዎቹ ፊታቸውን መቆጣጠሩ ሆነላቸው። የተሰማቸው የመጸየፍ ስሜት ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም አንዳንድ የሰውነት ውጥረት ምልክቶች ጨምረው ተገኙ። እርስዎ ደግሞ ይህን ሲያደርጉ የኖሩት ለአንድ ፊልም ያህል ሳይሆን ለዓመታት ነው። ስለዚህ ያን ቀን የተቆጡት በውኃው አይመስለኝም፤ ቁጣው አስቀድሞ ተጠራቅሞ ነበር። ልጁ ላይ መጮኽዎ ልክ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

መንፈሱ የጸና ሰውም ያዝናል፣ ይናደዳል፣ ይፈራል። ልዩነቱ የተሰማውን ነገር በጊዜ ማወቁና ተመልሶ መረጋጋት መቻሉ ላይ ነው። ይህ ደግሞ በልምምድ የሚገኝ ነው።

ከመጮኽዎ በፊት የነበረችውን ቅጽበት መለስ ብለው ያስቧት። ብርጭቆው ተገለበጠ፤ ውኃው ፈሰሰ። ምናልባት መንጋጋዎ ጥርቅም አለ፤ አንገትዎን ሙቀት ወረረው፤ እጅዎ ተጨበጠ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ድምፅ ከመውጣቱ በፊት ነው። የመጀመሪያው ልምምድ ይህችን ምልክት መያዝ ነው። የአንዱ ሰው ምልክት ከሌላው ይለያል፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለጥቂት ቀናት ይከታተሉ። ሲያገኙት አየር ይሳቡና ከሳቡበት ጊዜ አስረዝመው ቀስ ብለው ያስወጡት፤ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙት። ቀጥሎ ስሜቱን በስሙ ይጥሩት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 የአንጎል ምስል በማንሳት እንዳሳዩት፣ ሰው ስሜትን በቃል ሲሰይም አሚግዳላ የተባለው፣ አደጋን በመለየት ረገድ ትልቅ ድርሻ ያለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴው ይቀንሳል። እባክዎ «ተናድጃለሁ» ብለው ብቻ አያቁሙ። ከንዴት ሥር ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አለ፦ «ደክሞኛል»፣ «ማንም አላገዘኝም»፣ «አባቴ ናፈቀኝ»። የደከመው ሰው እረፍት፣ ያዘነ ሰው ደግሞ የሚያጽናናው ሰው ያስፈልገዋል፤ ሁለቱንም «ንዴት» ብለን ከጠራናቸው ግን የምናውቀው አንድ መድኃኒት ብቻ ይሆናል፤ እሱም መጮኽ ነው።

ለልጅዎ ይቅርታ ይጠይቁት። ወላጆች «ይንቀኛል» ብለው ይፈራሉ፤ እኔ ግን ልጅ የሚንቀው አጥፍቶ የሚክድን ሰው ይመስለኛል። አጭር ይሁን፦ «ያን ቀን የጮኽኩብህ ደክሞኝ ስለነበር ነው። መጮኼ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ። ብርጭቆውን ግን ከእንግዲህ በሁለት እጅህ ያዝ።» እዚህ ላይ ያብቃ። «አንተም እኮ አስቸገርከኝ» የሚል ጭማሪ ይቅርታውን ያበላሸዋል። ስለራስዎ ጭንቀት ረዥም ማብራሪያ መስጠትም ልጁ ሊሸከመው የማይገባውን ሸክም መስጠት ነው።

ስለ ሌሊቱ ልንገርዎት። «ምን ዓይነት እናት ነኝ?» ጥያቄ ይመስላል እንጂ ፍርድ ነው፤ ፍርዱም ክርክሩ ከመሰማቱ በፊት የተጻፈ ነው። በጥፋት ላይ እንዲህ መብሰልሰል ሰውን የሚያርም ይመስላል፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ የሱዛን ኖለን-ሆክሴማ ጥናቶች ግን የጭንቀትንና የድብርትን ስሜት እንደሚያባብስና እንደሚያስረዝም አሳይተዋል። ታዲያ «አላስብም» ብለው ከሐሳቡ ጋር አይታገሉ፤ የተከለከለ ሐሳብ ተመላልሶ ይመጣል። ይልቅ ቀን ላይ፣ ከመኝታ ሰዓት የራቀ አንድ አሥራ አምስት ደቂቃ ይመድቡለትና በወረቀት ላይ ያስፍሩት። ጥያቄውንም «ነገ ጠዋት ምን ላድርግ?» ወደሚለው ይለውጡት። ሌሊት ሲመጣ «ቀጠሮህ ነገ ነው» ይበሉት። እንቅልፍ ጨርሶ እምቢ ካለ ከአልጋው ተነስተው ሌላ ቦታ ይቀመጡ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ።

ደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን ስለ አባትዎ የጻፉት መስመር ነው። እናትዎን አጽናኑ፤ ታናናሾችዎን አጽናኑ። እርስዎን ማን አጽናናዎት? በሃዋይ ካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርተ ዓመታት የተከታተለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤሚ ወርነር፣ በድህነትና በቤተሰብ ችግር ውስጥ ካደጉት መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጤናማና የተሳካላቸው ሰዎች ሆነው አግኝታቸዋለች። ለዚህ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ቢያንስ አንድ የሚተማመኑበት ሰው ከጎናቸው መኖሩ ነበር። ስለዚህ «ለማንም አላዋይም» የሚለውን እንደ ጥንካሬ አልቆጥርልዎትም።

ከባለቤትዎ ይጀምሩ። ሰውየው ክፉ አይመስለኝም፤ «ጠንከር በይ» የሚለው ሌላ የሚለው ቃል ስለሌለው ይሆናል። «አትረዳኝም» ካሉት ራሱን መከላከል ይጀምራል። ተለይቶ የሚታወቅ ነገር ይጠይቁት፦ «ዛሬ ማታ አሥር ደቂቃ ስማኝ፤ መፍትሔ እንድትሰጠኝ አይደለም፤ ዝም ብለህ ስማኝ።» ወይም «በሳምንት ሁለት ምሽት ልጆቹን አንተ አስተኛቸው።» የመጀመሪያው ቀን ሁለታችሁንም ሊያሳፍራችሁ ይችላል፤ ያልፋል።

ቁጣውና የእንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ በተለይ የምግብ ፍላጎት ከጠፋ ወይም ያስደስትዎት የነበረው ነገር ከሰለቸዎት፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። የመሞት ሐሳብ ከመጣብዎት ደግሞ በዚያው ቀን ይሂዱ። የደም ምርመራም ያስፈልግዎታል፤ የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ መታወክ ድካምና ብስጭት ያመጣሉና። ሐኪሙ «ምን ያምዎታል?» ሲልዎትም እንደ ልማድዎ «ደህና ነኝ» ብለው እንዳይጀምሩ።