ለፊዚክስ ተማሪዎች፦ ኳሷን እዩዋት

ሰሞኑን አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ "ጋሼ፣ የተወረወረች ኳስ ከእጅ ከወጣች በኋላ ወደፊት የሚገፋት ምንድን ነው?" አለችኝ። ምንም። እጅ የሰጣትን ፍጥነት ይዛ ነው የምትሄደው። መሬት ወደ ታች ይስባታል፣ አየሩ ደግሞ ይይዛታል። ጫፍ ላይ ደርሳ ወደ ላይ መውጣቷን ስታቆም እንኳ ስበቱ ለአፍታ አይለቃትም።

ይህን መልሼላት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የልጅነት ጓደኛዬ ትዝ አለኝ።

ጎንደር፣ አዘዞ ነው ያደግነው። ኳሳችን የካልሲ ነበረች፤ ውስጧን ጨርቅ ጠቅጥቀን በሲባጎ የምናስራት። እሱ በረኛ ነበር፤ ከፍ ብላ የመጣች ኳስ የት እንደምታርፍ ከሁላችን ቀድሞ ያውቃል። አንድ ቀን መምህራችን የኳስን መንገድ ሰሌዳ ላይ ግራና ቀኙ እኩል በሆነ ቅስት ሲስል፣ ጓደኛዬ እጁን አወጣና "እንዲህ አይደለም፤ ስትወጣ ጋደል ብላ ነው፣ ስትወርድ ግን ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው" አለ። ክፍሉ ሳቀ። "ተቀመጥ፣ መጽሐፉን አንብብ" ተባለ። ከዚያ ወዲህ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አላለም። በዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ለንግድ መተማ ወረደ።

ልክ እኮ ነበር! ሰሌዳው ላይ የነበረው ፓራቦላ አየር ለሌለበት ቦታ ነው። ይህን ቅስት እ.ኤ.አ. በ1638 በመጽሐፍ ያሳተመው ሳይንቲስቱ ጋሊሊዮ ራሱ አየር እንደሚያዛባው ያውቅ ነበር። የካልሲ ኳስ ቀላል ስለሆነች አየሩ የፊት ፍጥነቷን ቶሎ ይበላዋል፤ ስለዚህ አወራረዷ ቁልቁል ይሆናል፣ ለመውረድም ከመውጣቱ የበለጠ ጊዜ ይፈጅባታል። ከእንጨት የተጠረበች የገና ሩር ግን ወደ መጽሐፉ ትጠጋለች። ያውም ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየራችን ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ጅቡቲ ብንጫወት ኖሮ ልዩነቱ ይብስ ነበር። እኔ ይህ የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው፤ ያኔ "ልክ ነበርክ" የምለው ልጅ አጠገቤ አልነበረም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

የዛሬ ልጆች ፎርሙላ ከቴሌግራም ለመልቀም ፈጣኖች ናችሁ፤ ኳሷን ግን አታዩዋትም። ስልኩን ወዲያ በሉት። ግን ደግሞ፣ ያ ልጅ ስልክ ቢኖረው ኖሮ ቀርፆ፣ በስሎው ሞሽን ያሳያቸው ነበር። እንግዲያው አውጡት! ከጎን ቆማችሁ ቅረጹና የመውጫና የመውረጃዋን ጊዜ አስተያዩ። ፈተና ላይ "አየር ከሌለ" ካለ ሩቅ የሚወስዳት 45 ዲግሪ ነው ብላችሁ መልሱ፤ ሜዳ ላይ ግን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ወርውሩ። መምህራችሁ አልቀበልም ካለ ቪዲዮውን ለእኔ ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።