ምስማሩን ንቀለው፤ ለምጣዱ ገመድ ሌላ መያዣ እንሥራ

ከፍኖተ ሰላም የጻፈልኝ ልጅ ጥያቄ ባጭሩ ይኸ ነው። እናቱ እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። የምጣዱ፣ የውኃ ማፍያው፣ የካውያው ገመድ ወለሉ ላይ ይንዘላዘላል፤ ታናሽ እህቱ ደግሞ መዳህ ጀምራለች። እሱ እንጨት ሥራ እየተማረ ነውና አንድ ጣውላ ላይ አራት ምስማር መትቶ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ገመዱን ሁሉ እዚያ ጠመጠመው። ከሁለት ወር በኋላ ሲያየው የምጣዱ ገመድ ምስማሩ የነካው ቦታ ላይ ተሰርጉዷል። «ምስማሩን ፕላስቲክ ላልብሰው ወይስ በላሜራ መንጠቆ ልቀይረው? ዲዛይኑን ንገረኝ» ይላል።

ወንዳለም፣ ሁለቱንም ተው። ምስማሩን ዛሬውኑ ንቀለው። የተሰረጎደውንም ገመድ እንዳትጠቀሙበት፤ ናስትሮ ጠቅልለህ ልታልፈው እንዳታስብ፣ ይቀየር።

አትፈር ደግሞ፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቤት የምጣድ ገመድ በምስማር አሲዤ፣ ምስማሩን በመዶሻ አጎንብሼ፣ ጥሩ ሠራሁ ብዬ ሄድኩ። ክረምት ሲገባ ጠሩኝ። ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ብሬከሩ ይወርዳል። ምጣዱን ፈታሁ፣ ሶኬቱን ፈታሁ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ገመዱን በጣቴ እየዳሰስኩ ስሄድ ያ ያጎነበስኩት ምስማር ፕላስቲኩን ሰርስሮ ውስጥ ገብቷል። ገመዱ ሲሠራ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ምስማሩ ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይገባል። ያ ቤት ብሬከሩ ደህና ባይሆን ኖሮ እርጥብ ግድግዳ የነካ ሰው ምን ይሆን እንደነበር አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል።

አሁን ወደ ምጣዱ እንምጣ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። 3500 ዋት የሚል ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ያን ያህል የሚሸከም ገመድ ተፈትቶ አየር ሲያገኝ ለብ ብሎ ይቀራል። ተጠምጥሞ ሲሠራ ግን አንዱ ዙር ሌላውን ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በመንኮራኩር የሚጠቀለሉትን ረጃጅም ኤክስቴንሽኖች አይተህ እንደሆነ ሁለት ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ አንዱ ተጠቅልሎ ሲሠራበት፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ። የተጠቀለለው ቁጥር በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ የምጣድ ገመድ የሚጠመጠመው ምጣዱ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው። እናትህ ስትጋግር ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት።

ይኸን ለእናትህ መንገር ቀላል ነው። ግን ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ መብራቱ አሁን ይሄዳል አሁን ይሄዳል እየተባለ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ አራት ዙር ገመድ ቁጭ ብሎ የሚፈታ ሰው የለም። ሁለት ክንድ ያህል ፈትታ፣ ስፒናውን፣ ማለት ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ጫፍ፣ ሰክታ ትቀጥላለች። ልክ ናት፤ ጥፋቱ የመያዣው ነው። ለዚህ ነው በአንድ እጅ እንቅስቃሴ ጥምጥሙ ሁሉ እንዳለ የሚወርድ መያዣ እንድትሠራ የምፈልገው።

እንዲህ ሥራው። አንድ የዋንዛ ጣውላ ፈልግ፤ ዋንዛ ብዙ አይጣመምም፣ ለማለስለስም አያስቸግርም። ርጥብ ባሕር ዛፍ ግን አታምጣብኝ፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ቪቴውን (በካቻቪቴ የሚጠብቀውን) ይተፋዋል። ውፍረቱ 2 ሳንቲ፣ ወርዱ 18፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ይሁን። ቀጥሎ ከ4 ሳንቲ ውፍረት እንጨት ሁለት ግማሽ ጨረቃ ትቆርጣለህ። መጠኑን በዓይንህ አትገምት፤ የፍሳሽ መስመር የሚሠሩበት ባለ 110 ሚሊ ፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ አታጣም፣ እንጨቱ ላይ አቁመህ በእርሳስ ዙረው፣ ከዚያ መሐል ለመሐል ክፈለው። 110 ያልኩህ በዘፈቀደ አይደለም። የምጣድ ገመድ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ገደማ ነው፤ ገመድ ሲታጠፍ የጥምዘቱ ራዲየስ ቢያንስ የውፍረቱን 4 እጥፍ፣ ቢቻል 5 እጥፍ መሆን አለበት። ባለ 110 ቱቦ 5 ሳንቲ ተኩል ይሰጥሃል። ምስማርህ ግን የራዲየሱ ነገር ሁለት ሚሊ ነው፣ እስቲ አስበው።

የግማሽ ጨረቃዎቹን ክብ ጎን በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልስ። ጉንጭህ ላይ አድርገህ ሞክረው፤ ከቧጠጠህ ገመዱንም ይቧጥጠዋል። ፊት ለፊታቸው ላይ ደግሞ 2 ሳንቲ ተርፎ የሚወጣ ስስ ጣውላ ለጥፍበት። ያ ከንፈር ነው፤ ገመዱ ወደ ፊት ተንሸራቶ እንዳይወርድ ይይዘዋል።

ላይኛው ግማሽ ጨረቃ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ከጀርባ በኩል በሁለት ቪቴና በኮላ ድርቅ ብሎ ይያዝ። ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ታችኛው ሆዱን ወደ ታች አድርጎ፣ በአንድ ቡሎን ብቻ፣ እንዲዞር ሆኖ ይታሰር። ቡሎኑ ከቀጥተኛው ጠርዝ መሐል ትንሽ ወረድ ብሎ ይለፍ፤ ራሱን ከፊት በኩል ጉድጓድ ቆፍረህ ደብቀው፣ ገመድ እንዳይነካ። ከጀርባ ሮንዴላ (ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት)፣ ከዚያ ሁለት ዳዶ (የቡሎኑ ማጥበቂያ)፣ አንዱን በሌላው ላይ አጥብቅ። አንድ ዳዶ ብቻ ካደረግህ ሲዞር ሲዞር ይላላና አንድ ቀን ወጥቶ ይወድቃል። በጣም ካጠበቅኸው ደግሞ እናትህ ማዞር ያቅታታል፤ በሁለት ጣት እንዲዞር አድርገህ ተወው። ጣውላው ግድግዳ ላይ ሲገጠም ዳዶዎቹ ስለሚገፉ ከጀርባው ላይና ታች ሁለት ቁራጭ እንጨት እንደ ትራስ አድርግለት። አየርም ያገኛል፣ የጭቃውም እርጥበት ወደ ጣውላው አይመጣም።

በሁለቱ ቀጥተኛ ጠርዞች መካከል 20 ሳንቲ ክፍተት ተው። አንድ ዙር ወደ 75 ሳንቲ ይወስዳል፤ ሜትር ተኩል ገመድ ሁለት ዙር ነው። እናትህ መጋገር ስትጀምር ታችኛውን ገልብጣ ወደ ላይ ታዞረዋለች፣ ጥምጥሙ ይላላል፣ ከላይኛው ከንፈር ላይ አንስታ ሁሉንም ባንዴ ታወርደዋለች። አለቀ። ቫኪዩም ከሚባሉት የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽኖች አንዳንዶቹ ገመዳቸውን የሚይዙት በዚሁ ዘዴ ነው፤ እኔ አልፈጠርኩትም።

ጎኑ ላይ አንድ ነገር ጨምር፤ ለስፒናው ማረፊያ። ሁለቱን እግሮች የሚያስገባ ሁለት ቀዳዳ በእንጨት ቁራጭ ላይ ብሳ፣ በባለ 5 ወይም በባለ 6 ሚሊ ፑንታ (የመብሻ ማሽን ጫፍ)፣ እግሮቹን ለክተህ። ትንሽ ነገር ይመስልሃል። መብራት ሲጠፋ ግን ምጣዱ እንደተሰካ ይረሳል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መብራት ሲመጣ ባዶ ምጣድ ብቻውን ይግላል። ለስፒናው የታወቀ ቦታ ካለው እናትህ መብራት እንደጠፋ ነቅላ እዚያ ታስቀምጠዋለች፣ ተነቅሏል አልተነቀለም ለማለትም ከበር ሆና አይታ ትለያለች።

ሲጋገርስ ገመዱ የት ይሁን? ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ከምጣዱ እግር እስከ ሶኬቱ ያለው ገመድ የእናትህ የቀኝ እጅ መንገድ ላይ መሆን የለበትም፤ ማሰሻው፣ አክንባሎው፣ ሰፌዱ የሚመላለሰው በዚያ ነው። ምጣዱን አዙረህ ገመዱ ከጀርባ እንዲወጣ አድርግ። የምጣዱን ጎን እንዲነካ አትፍቀድለት፤ የተለመደው የገመድ ፕላስቲክ ከ70 ዲግሪ በላይ አይችልም፣ የምጣድ ጎን ደግሞ ሲግል ከዚያ በላይ ነው። ምጣዱ የተቀመጠበት ጠረጴዛ እግር ላይ አንድ ማቀፊያ አስርለት። ሁለት የእንጨት ቁራጭ፣ መሐላቸው ላይ ለገመዱ ልክ የሚሆን ቦይ፣ ቦዩ ውስጥ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ፣ በሁለት ቪቴ ገጥም። ገመዱ እንዳይንሸራተት ብቻ ይያዝ፣ አትጨፍልቀው። ሕፃኗ ገመዱን ብትጎትት የምትጎትተው የጠረጴዛውን እግር ይሆናል፤ የጋለ ምጣድ አይመጣባትም።

ገመዱ ወደ ሶኬቱ ሲሄድ ደግሞ በቀጥታ ከላይ ወደ ሶኬቱ አይውረድ። መጀመሪያ ከሶኬቱ በታች ይንጠልጠል፣ ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ ይግባ። አክንባሎው ሲነሳ የሚወጣው እንፋሎት ገመዱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ውኃው ገመዱን ተከትሎ ይወርድና ከታችኛው ጥምዘት ላይ መሬት ይንጠባጠባል። ያ ጥምዘት ከሌለ ቀጥታ ሶኬቱ ውስጥ ነው የሚገባው።

ግድግዳው ጭቃ ነው ብለሃል። ፊሸር (ቪቴ የሚይዘውን የፕላስቲክ ቡሽ) አታባክን፣ ጭቃ ፊሸር አይይዝም። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ እያደረግህ ማገሩን ፈልግ፤ ድምፁ ይለያል። ቪቴው 8 ሳንቲ ይሁንና ማገሩ ውስጥ ይግባ፤ ቋሚ ካገኘህማ ምን ትፈልጋለህ። ብሎኬት ቤት ላለው ሰው ባለ 8 ፊሸር በባለ 8 ፑንታ ይበቃል። ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ከማንሳትህ በፊት ግን ብሬከሩን አውርድ። ከሶኬቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ጎን ያለውን መስመር ደግሞ አትብሳ፤ የተቀበረው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ነው የሚያልፈው። መያዣው ከሶኬቱ በስተጎን ሁለት ስንዝር ፈቀቅ ብሎ፣ ከወለሉ 1 ሜትር ከ40 ላይ ቢሆን ደህና ነው። ከምጣዱ በላይ ግን በፍጹም።

ለውኃ ማፍያው ይኸው መያዣ አነስ ብሎ ይሠራል፤ ገመዱ ቀጭን ስለሆነ ባለ 75 ሚሊ ቱቦ ለልክ ይበቃሃል። ካውያው ብረቱ ሳይበርድ ገመዱ አይጠምጠምበት፣ ሲበርድም ላላ ተደርጎ። ፍሪጅ ብትገዙ መያዣ አያስፈልገውም፤ ሁልጊዜ ይሠራልና ገመዱ አይጠመጠምም፣ ከወለሉ ከፍ አድርገህ ግድግዳ ለግድግዳ ምራው፣ በቃ።

አንድ ያልጠየቅኸኝን ልናገር። ሦስቱም ዕቃዎች በአንድ ዲቫይደር ነው የሚሠሩት ወይ? ከሆነ መያዣውን ከመሥራትህ በፊት እሱን ፍታ። ዲቫይደሩን ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ፤ 10 አምፔር የሚል ከሆነ 2200 ዋት ነው አቅሙ፣ ምጣዱ ብቻውን ይበልጠዋል። ምጣድ ግድግዳው ላይ ባለው ባለ 16 አምፔር ሶኬት፣ ቢቻል ለብቻው በተዘረጋ መስመር ነው መሥራት ያለበት። ሃያ ደቂቃ ከተጋገረ በኋላ ምጣዱን አጥፍተህ ስፒናውን ነቅለህ ዳስሰው። ለብ ቢል ችግር የለውም። የሚያቃጥል ከሆነ ወይም እግሮቹ ሥር ቡናማ ከሆነ ሶኬቱ ላልቷል፤ የኔ መያዣ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፣ ሶኬቱን ባለሙያ ይቀይረው።

ማንኛውንም ገመድ ከመስቀልህ በፊት ደግሞ ነቅለህ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትህ ዳስሰው። በተለይ ከስፒናው አጠገብ ያለችውን አንድ ጋት። ገመድ ውስጡ የሚበጠሰው እዚያ ነው፣ ሰው ስፒናውን ትቶ ገመዱን ይዞ ስለሚነቅል። ያ ቦታ ከሌላው ይበልጥ ልፍስፍስ ካለብህ ቆርጠህ ጣለውና ስፒናውን እንደገና ግጠም። ስትገጥም አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን የመሬት ሽቦ ከሌሎቹ ሁለቱ አንድ ሳንቲ ያህል አስረዝመው፤ ሰው ጎትቶ ሽቦው ቢወጣ መጨረሻ የሚለቀው እሱ እንዲሆን።